ከሁሉም የሚጠነክረው የእንጨት መጋጠሚያ የትኛው ነው? (ወንዴና ሴቴ፣ ዶዌል፣ ሃፍላፕ፣ ዶሚኖ...)

ጀማሪ_አናጺ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጠንካራ እንጨት የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ልሠራ ነው። አራት እግር፣ እግሮቹን የሚያያይዙ አራት አግዳሚ፣ መደገፊያ፤ ሌላ የተለየ ነገር የለውም። ያስቸገረኝ መጋጠሚያው ነው። አንዱ «ወንዴና ሴቴ (የአንዱ ጫፍ ምላስ ሆኖ በሌላው ቀዳዳ የሚገባበት) ካልሆነ ወንበር አይባልም» ይለኛል፤ ሌላው «በዶዌል፣ በክብ የእንጨት ዘንግ፣ ተገላገለው» ይላል፤ ሦስተኛው በፖኬት ስክሩ (በሰያፍ በሚገባ ብሎን) አስሮ የሠራው ወንበር እስከ ዛሬ ንቅንቅ እንዳላለ ይምላል። መጋጠሚያዎችን በማሽን እየጫኑ የሰበሩ ሰዎች ያወጧቸውን ሰንጠረዦችም አየሁ። እዚያ ላይ ደግሞ ሃፍላፕ (ሁለቱ እንጨቶች ግማሽ ውፍረታቸው ተጠርቦ የሚደራረቡበት) ወንዴና ሴቴን በልጦ አገኘሁት። ታዲያ ወንበር ለምን በሃፍላፕ አይሠራም? ቁርጡን ንገሩኝ፣ ጠንካራው የቱ ነው?

ፈጣን_ማሽን

ዶሚኖ። ሁለቱንም ወገን በማሽን ቀዳዳ ከፍተህ ዝግጁ ምላስ መሀል ታስገባለህ። የሚቀጥለው ጥያቄ?

መሮና_መዶሻ

ፈጣን፣ አንተ ቀልድ፤ ልጁ የጠየቀው ግን ቁም ነገር ነው።

ጀማሪ፣ መጋጠሚያ በአንድ ቁጥር አይመዘንም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው በየት በኩል እንደሚገፋ ነው። መሳቢያ ስትከፍት ፊቱን ወደ አንተ ትስበዋለህ። እዚያ ላይ ዶቭቴል (እንደ ርግብ ጭራ የተቆረጡ ጥርሶች እርስ በርስ የሚገቡበት መጋጠሚያ) የሚመረጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጥርሱ ወደ ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ኮላው ሙሉ በሙሉ ቢለቅ እንኳ በዚያ አቅጣጫ አይወጣም። በሌላው አቅጣጫ ግን ያው ዶቭቴል ኮላ ከሌለው በመዶሻ እጀታ ነካ ብታደርገው ይለያያል፤ የገባውም በዚያው መንገድ ነውና። የበር ፍሬም ደግሞ የሚስበው የለም፤ ጠላቱ መወላገድ ነው፤ አራት ማዕዘኑን ወደ ጎን የሚያዘምም ግፊት። ወንበር ግን ሁሉንም ይቀምሳል፤ ይጫናል፣ ይገፋል፣ ይጎተታል፣ በአንድ እግሩ ይወድቃል።

የሚለቀው የት እንደሆነ ልንገርህ። የጎን አግዳሚው ከኋላ እግር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። የሚንቀጠቀጥ አሮጌ ወንበር ካገኘህ መቀመጫው ላይ ተንበርክከህ መደገፊያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገውና ያንን ቦታ እይ። የአግዳሚው ትከሻ (ምላሱ የሚጀምርበት፣ እግሩን የሚነካው ገጽ) በላይኛው ጠርዙ በኩል ፀጉር የምታህል ክፍተት ይከፍታል፤ ስትለቀው ይዘጋል። ደጋግመህ ብትገፋው የደረቀ ኮላ ፍርፋሪ ከውስጥ እየወጣ መሬት ላይ ይወርዳል። እግሩም አግዳሚውም አልተሰበሩም፤ ያለቀው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። መጋጠሚያህን የምትመርጠው ያ ክፍተት እንዳይከፈት ነው።

ቁጥር_ይናገር

ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው። ሙያዬ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ እንጨት የትርፍ ጊዜ ፍቅሬ ነው።

አንድ ሰው ሲደገፍ መደገፊያውን ከመቀመጫው 45 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ በ200 ኒውተን ገፋው እንበል። ይህ 20 ኪሎ ግድም ነው፤ ወንበሩን በኋላ እግሮቹ አቁሞ የሚወዛወዝ ሰው ከዚህም ያልፋል። 200 በ0.45 ሲባዛ 90 ኒውተን ሜትር የማጠፍ ጉልበት ይሆናል። ለግራና ለቀኝ ሲካፈል ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ 45 ይደርሰዋል። አግዳሚው 6 ሳ.ሜ ቁመት ካለው፣ ከታች የትከሻው ጠርዝ እግሩን ይጫናል፤ ከላይ ምላሱ ከቀዳዳው እንዲወጣ ይሳባል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 4 ሳ.ሜ ቢሆን፣ 45 ለ0.04 ሲካፈል 1125 ኒውተን ነው፤ ከ110 ኪሎ በላይ። በ20 ኪሎ ገፍታችሁ መጋጠሚያው ውስጥ 110 ኪሎ ፈጠራችሁ ማለት ነው። በርን ማጠፊያው አጠገብ ገፍቶ ለመክፈት የሞከረ ሰው ይገባዋል።

አሁን አግዳሚውን 8 ሳ.ሜ፣ ርቀቱንም 6 ሳ.ሜ አድርጉት። ጉልበቱ ወደ 750 ኒውተን ይወርዳል። የመጋጠሚያውን ዓይነት ሳትነኩ የጭነቱን ሲሶ ቀነሳችሁ። እግሮቹን ከታች በሌላ አግዳሚ ብታያይዟቸው ደግሞ ጭነቱ ይከፋፈላል። «ዶዌል ወይስ ወንዴና ሴቴ» የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ግን ቀጭን አግዳሚ ይዞ መጋጠሚያ ሲያማርጥ ይውላል።

ኮላ_ይበቃል

ሁላችሁም ኮላውን ረሳችሁት። የዘመኑ ቢጫ ኮላ ከእንጨቱ ይበልጣል። ታይትቦንድ የሚባለውን ኮላ የመረጃ ወረቀት ብታዩ 25 ሜጋፓስካል (በአንድ ካሬ ሚ.ሜ 25 ኒውተን) ገደማ ይላል። ቀይ ኦክ፣ ጠንካራ እንጨት ሆኖ፣ በቃጫው አቅጣጫ ሲንሸራተት 12 አካባቢ ላይ ይለቃል፤ ለስላሳው ነጭ ፓይን 6 ላይ። ታዲያ ይህ ሁሉ መሮና መዶሻ ለምን? ጋሼ፣ ስምዎን ማለቴ አይደለም :)

«የተቆረጠ ጫፍ ኮላ አይዝም» የሚባለውም ተረት ነው። ሰዎች በሚዛን ሞክረው ጫፍ ለጫፍ የተለጠፈው ጎን ለጎን ከተለጠፈው በላይ ሲይዝ በቪዲዮ አሳይተዋል።

መሮና_መዶሻ

ስሜን ማለትህ ቢሆንም ችግር የለም። እህታችን ቁጥር ትመልስልህ፤ እኔ ሲሳሳቱ በእጄ ነው የማሳየው፣ በጽሑፍ አልችልበትም።

ቁጥር_ይናገር

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ የተንሻፈፈው መደምደሚያው ነው።

ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ጣውላዎች ሲታጠፉ የሚሰበረው እንጨቱ ነው፤ ከኮላው መስመር አጠገብ በቃጫው ይሰነጠቃል። ምክንያቱም ኦክ ቃጫውን አቋርጦ ሲሳብ የሚችለው 5 ወይም 6 ሜጋፓስካል ነው፤ ፓይን ደግሞ 2። ጫፍ ለጫፍ የተለጠፈው ከዚህ በላይ ያዘ ቢባል እውነት ነው። ግን እዚያ አቅጣጫ ላይ ያልተቆረጠው እንጨት ራሱ ወደ 100 ሜጋፓስካል ገደማ ይይዝ ነበር! ስለዚህ ጎን ለጎን ስትለጥፍ ምንም አልጎደለህም፤ ጫፍ ለጫፍ ስትለጥፍ ግን ከነበረህ ጥንካሬ ብዙውን ጥለህ ነው የሄድከው። በዚያ ላይ እንጨት የሚረዝመው በቃጫው አቅጣጫ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለ መጋጠሚያ ሁልጊዜ ረጅም ማንሻ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ሙከራዎች እውነተኛ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ያ 25 ሜጋፓስካል የሚለካው የሁለቱም እንጨቶች ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቶ ነው። በወንዴና ሴቴም በሃፍላፕም ግን ቃጫዎቹ በ90 ዲግሪ ይተላለፋሉ። ያኔ ከኮላው ሥር ያለው የእንጨት ሽፋን ቃጫው እየተንከባለለ ይለቃል፤ ይህን የሚቋቋምበት አቅም በቃጫው አቅጣጫ ካለው ሩብ ግድም ነው። የተለቀቀ መጋጠሚያ ላይ ኮላው ራሱ ሳይሰበር ቀጭን የእንጨት ልጣጭ ተሸክሞ የምታገኙት ለዚህ ነው። «ኮላው ከእንጨቱ ይበልጣል» ያልከው ልክ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ኮላው ሲተርፍ እንጨቱ ይላጣል።

ኮላ_ይበቃል

እሺ፣ የመጨረሻዋ ነጥብ አሳመነችኝ። ስለዚህ ስፋት ያለው የኮላ ገጽ ያስፈልጋል ማለት ነው?

ቁጥር_ይናገር

አዎ፤ ስፋትም፣ ኮላው ብቻውን እንዳይሠራ የሚያግዘው ቅርጽም። ትከሻ፣ የምላሱ ቁመት፣ የቀዳዳው ግድግዳ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ጀማሪ_አናጺ

ከዚህ ተነስቼ ሃፍላፕን ልጠይቅ። የኮላ ገጹ ከሁሉም ሰፊ አይደል? ለዚያ መሰለኝ ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ የወጣው።

መሮና_መዶሻ

ለዚያው ነው። ሁለት 6 ሳ.ሜ ስፋት ያላቸው ጣውላዎች ግማሽ በግማሽ ተጠርበው ሲደራረቡ 36 ካሬ ሳ.ሜ ኮላ አላቸው። በፍሬም ገጽ ላይ ሲወላገዱ ያ ሁሉ ስፋት ይታገላል። የሙከራው ማሽንም በዚያው አቅጣጫ ነው የሚገፋው፤ ሃፍላፕ የተወለደበት አቅጣጫ ነው።

ከፍሬሙ ፊት ለፊት ግፋው እስቲ፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ እንዲገለጥ። ያኔ ግማሽ ውፍረት ብቻ ነው የቀረህ፤ የጠረብክበት ጥግ ላይ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ኮላውም ይላጣል እንጂ የሚደግፈው ግድግዳ የለም። ወንበር ላይ ደግሞ ከእግሩ ግማሹን ጠርበህ ጣልክ ማለት ነው፤ ያውም ብዙ ጭነት ባለበት ቦታ። ለበር ፍሬም፣ ለጀርባው በኮምፔልሳቶ ለሚሸፈን ሥራ፣ ለጠረጴዛ መስቀለኛ እግር ግን ሃፍላፕን የሚያህል የለም፤ ሥራውም ፈጣን ነው። ሰው ይንቀዋል፤ አላግባብ ነው።

ከሃፍላፕና ከወንዴና ሴቴ መሀል ያለውን አትርሱ፤ አንዱ ጫፍ እንደ ሹካ ተከፍቶ ሌላው በመሀሉ የሚገባበትን። ሁለት የኮላ ገጽ አለው፣ በሁለቱም በኩል ግድግዳ አለው። ለፍሬም ማዕዘን እኔ ከሃፍላፕ እሱን አስቀድማለሁ።

ቁጥር_ይናገር

ስለ ሰንጠረዦቹ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ አዲስ የደረቀ መጋጠሚያን አንድ ጊዜ ጭነው፣ እስኪሰበር ገፍተው ከፍተኛውን ቁጥር ይጽፋሉ። ወንበር ግን በአንድ ግፊት አይሞትም። የሚሞተው ከከፍተኛው አቅሙ በጣም ባነሰ ጭነት ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ሲገፋ ነው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ካርል ኤክልማን ለብዙ ዓመታት የቤት ዕቃ ጥንካሬን ያጠኑት በዚህ መንገድ ነው፤ ጭነቱን እየደጋገሙ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ፣ የሚለቅበትን ደረጃ መዝግበው። አንድ ጊዜ ሲሰበር ብርቱ ሆኖ የታየ መጋጠሚያ በድግግሞሽ ላይ ደረጃው ሊለወጥ ይችላል።

ሌላው እርጥበት ነው። እንጨት ከእርጥብነቱ ፍጹም እስኪደርቅ ድረስ በዕድገት ቀለበቱ አቅጣጫ 8 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ከመሀል ወደ ውጭ 4 በመቶ ያህል፤ በርዝመቱ ግን ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ። በተግባር የቤት ውስጥ እርጥበት በእንጨቱ ላይ 4 ነጥብ ያህል ከፍ ዝቅ ቢል፣ 10 ሳ.ሜ ቁመት ያለው ምላስ 1 ሚ.ሜ ግድም ያብጣል ወይም ይኮማተራል። የተጣበቀበት እግር ግን በዚያ አቅጣጫ ቃጫው ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ኮላው በየዓመቱ በሁለቱ መሀል ይጎተታል። ሰፊ ምላስ ካላችሁ ሁለት ከፍላችሁ አስገቡት የሚባለው ለዚህ ነው።

የድሮ_ነገር

ስለ ዕድሜ ካነሳችሁ፣ ጀርመን ውስጥ በላይፕዚግ አቅራቢያ የተገኙ የድንጋይ ዘመን የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ከ7000 ዓመት በላይ የሆናቸው። ግድግዳቸው ኦክ ነው፤ ምላሱ በቀዳዳው አልፎ ወጥቶ በሽብልቅ የታሰረበት መጋጠሚያ አላቸው። ብረት ገና አልታወቀም። ግብፅ ውስጥ በ1954 የተገኘው የኩፉ መርከብ ጣውላዎችም በገመድ ተሰፍተው፣ በመሀላቸው ተንቀሳቃሽ ምላስ ገብቶባቸው ነው የተያያዙት። ፈጣን የሚያመልከው ዶሚኖ እኮ ያው ነው፤ ለሁለቱም ወገን ቀዳዳ፣ በመሀል ለብቻው የተሠራ ምላስ።

ፈጣን_ማሽን

አየህ! ፈርዖኖች ዶሚኖ ነበራቸው።

መሮና_መዶሻ

የጉድጓዱ ኦክ እስከ ዛሬ የቆየው ውሃ የጠገበ አፈር ውስጥ አየር ስላላገኘ ነው። ማንም አልተደገፈበትም። ለወንበር ማስረጃ አይሆንም፤ ለጥበቡ ግን ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ሽብልቁን ልብ በሉልኝ፤ ኮላ ሳይኖር መጋጠሚያ የሚጠብቅበት መንገድ ነው።

ፈጣን_ማሽን

አሁን በቁም ነገር። ዶሚኖን የሚተቹት ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ 5×30 (ውፍረትና ርዝመት በሚ.ሜ) አስገብተው ከሙሉ ወንዴና ሴቴ ጋር ያወዳድራሉ። ያ ፍርድ አይደለም። 10×50 አስገቡ፤ አግዳሚው ቁመት ካለው አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ሁለት አስገቡ። ምላሱ ከቢች እንጨት የተሠራ ነው፣ ቀዳዳው ከማሽኑ ልክ ሆኖ ይወጣል። በእጅ የተቆፈረ ቀዳዳ ግድግዳው ሸካራና ጠማማ ከሆነ ኮላው ግማሹ አየር ላይ ነው የሚቀረው።

ቢስኩት የሚባለው ስስ ሞላላ ቁራጭ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ለጥንካሬ የሚያስገባ ሰው አለ፤ ቢስኩት የተጨመቀ ቢች ነው፣ ውሃ ያለው ኮላ ሲነካው ያብጣል፤ ውፍረቱ 4 ሚ.ሜ ነው። ጣውላዎች ሲለጠፉ ገጻቸው እኩል እንዲሆን ይረዳል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ቁጥር_ይናገር

ፈጣን፣ እዚህ ጋ እስማማለሁ። የተናጠል ምላስም የተያያዘ ምላስም በመጠናቸው እኩል ከሆኑና ልክ ከገጠሙ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ዶሚኖ የሚሸነፈው መጠኑ ሲያንስ ነው። የ7 ሳ.ሜ አግዳሚ ላይ 5 ሳ.ሜ ቁመት ያለው ምላስ መቁረጥ እየቻላችሁ 24 ሚ.ሜ ስፋት ያለው አንድ ዶሚኖ ብታስገቡ፣ ቅድም ያሰላነውን የማንሻ ርቀት በግማሽ ቆረጣችሁት።

ጀማሪ_አናጺ

ዶዌልስ? ሁለት ሦስት 10 ሚ.ሜ ዶዌል ብደረድር ያው ምላስ አይሆንም?

መሮና_መዶሻ

ዶዌል ሁለት ሕይወት አለው። በአግዳሚው ጫፍ በኩል የገባው ግማሹ ቃጫው ከቀዳዳው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ዙሪያውን በደንብ ይይዛል። በእግሩ በኩል የገባው ግማሽ ግን እግሩን አቋርጦ ነው የሚገባው። ክብ ቀዳዳ ስለሆነ ግድግዳው በሁለት በኩል የተቆረጠ ጫፍ ነው፤ በቀሩት ሁለት በኩል ብቻ ነው ጥሩ የኮላ ገጽ ያለው። ዶዌልን የለቀቀ ወንበር ስትፈታ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከእግሩ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ቀርቶ ታገኘዋለህ።

ከዚያ እንጨቱ ሲደርቅ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፤ ዶዌሉም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሞላላ ይሆናል። ክብ በክብ ውስጥ የነበረው ሞላላ በሞላላ ላይ ይቆማል። ትንሽ የነካካው ቦታ ይለቅና የሚቀጥለው ግፊት ሥራውን ይጨርሳል። በደንብ የተሠራ ዶዌል ወንበር የለም አልልም፤ ሞልቷል። ለስህተት ግን ቦታ አይሰጥም።

ካቢኔ_ሠሪ

ተጨምቀው ለተሠሩት ጣውላዎች፣ ለኤምዲኤፍና ለቺፑድ፣ ግን ይህን ሁሉ እርሱት። በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ቃጫ የለውም፤ ምላስ ብትቆርጡለት ምላሱ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። እዚያ 8 ሚ.ሜ ዶዌል በኮላ፣ ወይም 7×50 ኮንፊርማት ብሎን ነው መድኃኒቱ። ወንበር ጠያቂውን አይመለከትም፤ ግን ውይይቱን ሌላም ሰው ያነበዋልና።

ፖኬት ስክሩን በተመለከተም፣ ለካቢኔ የፊት ፍሬም እኔ ዘወትር እጠቀምበታለሁ። ፍሬሙ ከሳጥኑ ጋር ስለሚጣበቅ የሚሸከመው ነገር የለም፤ ብሎኑ ኮላው እስኪደርቅ ሞርሳ ነው። ወንበር ላይ ግን ብሎኑ ራሱ በ15 ዲግሪ ወደ እግሩ ገብቶ ጭነቱን ይሸከማል፤ ሲወዛወዝ በብረቱ ጥርስ ዙሪያ ያለው እንጨት ይደቃል። ብረት አያብጥም አይኮማተርም፤ እንጨቱ ብቻውን ይንቀሳቀሳል።

ጀማሪ_አናጺ

እሺ፣ አመንኩ። ወንዴና ሴቴ። እግሩ 40×40 ሚ.ሜ ነው፤ አግዳሚው 22 ሚ.ሜ ውፍረት፣ 75 ሚ.ሜ ቁመት። ምላሱን 8 ሚ.ሜ ወፍራም፣ 30 ሚ.ሜ ርዝመት ላደርገው አስቤያለሁ። ግን በሥዕሉ ላይ የጎኑና የኋላው ምላስ እግሩ ውስጥ ይጋጫሉ። ሁለቱንም ላሳጥር?

ቁጥር_ይናገር

ሁለቱንም አታሳጥር። እኩል መስጠት እዚህ ፍትሕ አይደለም። ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ የሚሸከመው የጎኑ አግዳሚ ነው፤ ለእሱ 30ውን ሙሉ ስጠው። የኋላው አግዳሚ እስከ ጎኑ ምላስ ድረስ ሄዶ ይቁም፤ አግዳሚዎቹ ከእግሩ የውጭ ገጽ 3 ሚ.ሜ ገባ ካሉ ወደ 22 ሚ.ሜ ግድም ይቀርለታል። የሁለቱንም ጫፍ በ45 ዲግሪ ቆርጠው የሚያገናኙም አሉ፤ ያም ይሆናል፤ ጫፎቹ ግን እንዳይነካኩ ትንሽ ክፍተት ተውላቸው፤ አለዚያ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ትከሻህ አይዘጋም።

8 ሚ.ሜ ውፍረቱ ከ22 ሲሶ ገደማ ነው፤ የተለመደው ልክ ነው። እግሩ ከአግዳሚው ስለሚወፍር 9 ወይም 10 ብታደርገውም እግሩ አይጎዳም።

መሮና_መዶሻ

የፊት እግሮቹ ላይ ቀዳዳው ከእግሩ ራስ ጋር እኩል እንዳይከፈት። ከላይ 12 ሚ.ሜ ያህል ዝቅ ብለህ ጀምር፤ በዚያ ቦታ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ቦይ ብቻ ቆፍረህ ከምላሱ ትንሽ ጥርስ አስገባበት፤ አግዳሚው እንዳይጠማዘዝ ይይዘዋል። ቀዳዳውን የምትቆፍረው እግሩን በልኩ ከመቁረጥህ በፊት ነው፤ ከላይ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ ትርፍ ካለ በመሮ ስትመታ ጫፉ አይሰነጠቅም።

ልኩ በእጅ ተገፍቶ መግባት አለበት፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በመዶሻ ቀለል ያለ መታ መታ። በኃይል የሚገባ ምላስ ኮላውን ጠርጎ ወደ ታች ይነዳዋል፤ ከዚያ የታፈነው ኮላ እግሩን ይሰነጥቀዋል። ኮላውን የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ቀባ፤ ምላሱ ላይ ስስ አድርገህ። ከምላሱ ጫፍ በታች 2 ሚ.ሜ ባዶ ይቅር።

ወንበርህ ከኋላ የሚጠብ ከሆነ የጎን አግዳሚው ዘንበል ይላል። ምላሱን አታዛምመው፤ ቃጫው ተቆርጦ እዚያው ይሰበራል። ምላሱ ከአግዳሚው ጋር ቀጥ ይበል፤ ትከሻውንና የእግሩን ቀዳዳ አዛምም።

ኮላ_ይበቃል

ጋሼ፣ ካስማውስ? ቀዳዳውን ትንሽ ፈቀቅ አድርገው መጋጠሚያውን የሚስቡበት የእንጨት ችንካር።

መሮና_መዶሻ

መጣሁበት። ምላሱን ሳታስገባ በእግሩ ግድግዳ በኩል 8 ሚ.ሜ ቀዳዳ ታሳልፋለህ። ከዚያ ምላሱን አስገብተህ በዚያው ቀዳዳ መሰርሰሪያውን ጠቁመህ ምልክት ታደርግበታለህ፤ አውጥተህ ምላሱን የምትበሳው ግን ከምልክቱ ወደ ትከሻው በኩል 1 ወይም 1.5 ሚ.ሜ ተጠግተህ ነው፤ ለለስላሳ እንጨት እስከ 2። ካስማው ሲገባ ሁለቱን ቀዳዳ ለማስተካከል እየታገለ ትከሻውን ወደ እግሩ ይስበዋል። ሞርሳ እንኳ ባይኖርህ ይዘጋል። ካስማውን በመጋዝ ሳይሆን በቃጫው ተሰንጥቆ ከወጣ ደረቅ እንጨት ጥረበው፤ ጫፉን አሹለው፤ አለዚያ መሀል ላይ ይሰበርብሃል። ኮላው የሆነ ዓመት ላይ ቢለቅም ያ ቅድም ያልኩህ ክፍተት እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም።

ቁጥር_ይናገር

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካስማ ምላሱን ይበሳል፤ ስለዚህ አዲስ መጋጠሚያን በአንድ ግፊት ስትሰብሩ ካስማ ያለው ከሌለው ሊያንስ ይችላል፤ ስንጥቁ ከቀዳዳው ይጀምራል። ሰንጠረዥ ላይ «ካስማ ያዳክማል» የሚል ካያችሁ ከዚህ ነው። የካስማው ጥቅም የሚታየው ኮላው ካረጀ በኋላ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ሰው ሰንጠረዥ ላይ ለማስገባት ትዕግሥት የለውም።

ፈጣን_ማሽን

እኔ በዶሚኖ ሠርቼ ውስጠኛው ጥግ ላይ ሰያፍ የእንጨት ቁራጭ በኮላና በብሎን አስራለሁ። ጋሼ ይህንንስ ይከለክሉኛል?

መሮና_መዶሻ

አልከለክልም፤ እንዲያውም ጀማሪም ይጨምረው። የጥግ ቁራጭ ሁለቱን አግዳሚዎች ስለሚያያይዝ እግሩ ሲገፋ ብቻውን አይደለም። ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ አይታይም።

ጀማሪ_አናጺ

የመጨረሻ ጥያቄ። ከጎንም ከኋላም ካስማ ባስገባ እግሩ ውስጥ አይጋጩም?

መሮና_መዶሻ

በአንድ ከፍታ ካደረግሃቸው ይጋጫሉ። የጎኑን ሁለት ካስማ አድርግ፤ አንዱ ከምላሱ ላይኛ ጠርዝ 12 ሚ.ሜ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛው ከታችኛው ጠርዝ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ። የኋላውን አንድ ብቻ፣ መሀል ላይ። ከትከሻው 10 ሚ.ሜ ያህል ራቅ ይበሉ፤ በጣም ከቀረቡ የቀዳዳው ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ በጣም ከራቁ የምላሱ ጫፍ ይቦደሳል። መጀመሪያ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ አንዱን ማዕዘን ሠርተህ ሰንጥቀህ ውስጡን እየው፤ ካስማው ታጥፎ ካየኸው ልክ ነህ፤ ተሰብሮ ካየኸው ቀዳዳውን ግማሽ ሚሊ መልሰው።

ጀማሪ_አናጺ

ቁርጥራጭ አለኝ። ማዕዘኑን ሠርቼ ስሰነጥቀው ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ።